ግማሽ አርፒኤስ19፦ አንድን የራይቦዞም ፕሮቲን በሴል ውስጥ የመቀነስ ሥራ ማስታወሻ

መነሻ

አርፒኤስ19 ትንሽ ፕሮቲን ነው፦ 145 አሚኖ አሲድ፣ 16 ኪሎዳልተን ገደማ። ጂኑ ክሮሞዞም 19 ላይ ነው። የሰው ራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) 80 ፕሮቲን አለው፤ 33ቱ ከ18ኤስ አርአርኤንኤ (የራይቦዞም አርኤንኤ) ጋር ትንሹን ክፍል (40ኤስ)፣ 47ቱ ከ28ኤስ፣ ከ5.8ኤስና ከ5ኤስ ጋር ትልቁን ክፍል (60ኤስ) ይሠራሉ። አርፒኤስ19 የ40ኤስ ነው። በ1999 በዳይመንድ-ብላክፋን የደም ማነስ ሕሙማን ላይ ተበላሽቶ የተገኘው የመጀመሪያው ጂን ይኸው ሲሆን፣ ከሕሙማኑ ሩብ ያህሉ ለውጡን የያዙት በእሱ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፦ በሕሙማኑ ውስጥ የሚበላሸው ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዱ ብቻ ነው። በአይጥ ሁለቱም ሲወጡ ፅንሱ ማህፀን ላይ ሳይጣበቅ ይሞታል። ስለዚህ አርፒኤስ19ን 90 በመቶ አጥፍቶ "ሴሉ ቆመ" ማለት ስለ በሽታው ምንም አይነግረንም፤ ማንኛውም ሴል ይቆማል። እዚህ የሚፈለገው ግማሽ ነው። ሥራውን ያከበደውም ይኸው ግማሽ ነው።

የሴል ምርጫ

መጀመሪያ የታሰበው ሄላ (የማህፀን ጫፍ ካንሰር ሴል) ነበር፤ ርካሽ ነው፣ በየቤተ ሙከራው አለ፣ ትራንስፌክሽንም (አርኤንኤ ወይም ዲኤንኤ ወደ ሴሉ ማስገባት) ይቀበላል። ግን ሄላ ውስጥ የኤችፒቪ18 ቫይረስ ኢ6 ፕሮቲን ፒ53ን (ጉዳት ሲኖር ሴሉን የሚያቆም ፕሮቲን) እያሳደደ ስለሚያስፈርስ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የራይቦዞም ጉድለት ምላሽ አንዱ ግማሹ በፒ53 በኩል ነው የሚመጣው።

የተወሰደው ኤ549 (የሳንባ ካንሰር ሴል) ነው። ፒ53ው ጤነኛ ነው፣ ፕሌት ላይ ይጣበቃል፣ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ይከፈላል። ከጎኑ ኬ562 ተያዘ። ይህ ከቀይ የደም ሴል መስመር ጋር የሚቀራረብ የሉኪሚያ ሴል ነው፤ ሄሚን ሲሰጠው ሄሞግሎቢን ይሠራል፣ ፒ53 ግን ጭራሽ የለውም። አንዱ ፒ53 ያለው፣ ሌላው የሌለው መሆኑ ለማነጻጸር ይረዳል።

በክሪስፐር አንዱን ቅጂ ማውጣትም ታስቦ ተተወ። ኤ549ም ኬ562ም የክሮሞዞም ቁጥራቸው ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነው። ክሮሞዞም 19 ስንት ቅጂ እንዳለ ሳይቆጠር አንዱን ማውጣት "ግማሽ" አይባልም። ለዚህ ሥራ ጤነኛ የዲፕሎይድ ሴል ይሻላል፤ ያ ደግሞ ሌላ በጀት ነው።

ትራንስፌክሽን፣ የመጀመሪያው ዙር

ባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት፣ በተገላቢጦሽ ዘዴ። ኮምፕሌክሱ (የኤስአይአርኤንኤና የሊፒድ ጥምር) ቀድሞ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ሴሉ በላዩ ይጨመራል። ለአንድ ጉድጓድ፦

ኤስአይአርኤንኤ (የአንድን ጂን ኤምአርኤንኤ የሚያስፈርስ አጭር አርኤንኤ) ከ20 ማይክሮሞላር ስቶክ 1.25 ማይክሮሊትር (25 ፒኮሞል)፣ ኦፕቲ-ሜም 500 ማይክሮሊትር፣ ሊፖፌክታሚን አርኤንኤአይማክስ (ማስገቢያው ሊፒድ) 7.5 ማይክሮሊትር። በቤት ሙቀት 15 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ 150,000 ሴል በ2 ሚሊሊትር ዲኤምኢኤም ከ10 በመቶ ሴረም ጋር፣ አንቲባዮቲክ የሌለበት። ጠቅላላው 2.5 ሚሊሊትር፣ የኤስአይአርኤንኤው መጠን 10 ናኖሞላር ይሆናል።

ወጪው፦ 5 ናኖሞል ኤስአይአርኤንኤ በዚህ ልክ 200 ጉድጓድ ይሠራል፤ 1.5 ሚሊሊትር አርኤንኤአይማክስም እንዲሁ 200 ጉድጓድ። ሁለቱ እኩል ያልቃሉ፤ አብሮ ማዘዝ ነው።

አንቲባዮቲክ ለምን ይቀራል? ሊፒዱ የሴሉን ሽፋን ሲያላላ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲኑም አብረው ይገባሉ፤ ሴሉ ይሞታል። ያ ሞት ከአርፒኤስ19 እጥረት ጋር ይምታታል። ሁልጊዜ ሦስት ኮንትሮል ይያዝ፦ ምንም ያልተደረገበት፣ ሊፒድ ብቻ የተሰጠው፣ የማይመለከተው ኤስአይአርኤንኤ የተሰጠው። አርፒኤስ19ን ለመምታትም ሁለት የተለያዩ ቅደም ተከተሎች ያስፈልጋሉ። አንዱ ብቻ ሠርቶ ሌላው ካልሠራ ውጤቱ ከአርፒኤስ19 ሳይሆን ከሌላ ጂን ሊሆን ይችላል።

በ10 ናኖሞላር በ72 ሰዓት ሴሉ በግልጽ ቀነሰ፤ የቀረውም ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ሆነ። ለማየት ደስ ይላል። ለበሽታው ግን ከልክ ያለፈ ነው።

መጠኑን ማውረድ

1፣ 2.5፣ 5 እና 10 ናኖሞላር ጎን ለጎን ተሠራ። የሊፒዱ መጠን በሁሉም አንድ ነው። የጠቅላላ ኤስአይአርኤንኤው መጠንም እንዳይለያይ ጉድለቱ በኮንትሮል ኤስአይአርኤንኤ ተሞልቶ ሁሉም 10 ናኖሞላር ላይ ቆመ። ይህ ካልተደረገ የሚነጻጸረው የሊፒድና የአርኤንኤ ጥምርታ ይሆንና አርፒኤስ19 ከወሬው ይወጣል።

ግማሹ የተገኘው ከታችኞቹ መጠኖች ነው። ያልታሰበው ችግር ግን እዚያው አለ። በጉድጓዱ ውስጥ በአማካይ ግማሽ ነው ማለት እያንዳንዱ ሴል ግማሽ አለው ማለት አይደለም፤ ከፊሎቹ ብዙ ወስደው ከፊሎቹ ምንም ላይወስዱ ይችላሉ። ዌስተርን (ፕሮቲንን የሚያሳየው ብሎት) ይህን አይለይም። ለማየት ምልክት የተለጠፈበት ኤስአይአርኤንኤ በማይክሮስኮፕ ወይም በፍሎው ሳይቶሜትሪ መታየት አለበት። የተለጠፈው ምልክት ሴሉ ላይ ተጣብቆ ሳይገባ ሊቀር ስለሚችል በትሪፕሲን ነቅሎ ማጠብ ግድ ነው።

ኪውፒሲአር (የኤምአርኤንኤ መለኪያ)፦ ብዙ ሥራ እዚህ ይበላሻል

ይህን ክፍል አስረዝማለሁ፤ ምክንያቱም ውጤቱ ደህና መስሎ ፍጹም ስህተት ሊሆን የሚችለው እዚህ ነው።

አንደኛ፣ ማነጻጸሪያው። በየቤተ ሙከራው የተለመደው 18ኤስ አርአርኤንኤ ነው። በዚህ ሥራ አይሆንም፤ አርፒኤስ19 ሲጎድል የሚጎዳው ራሱ 18ኤስ ነው። የሚለካውን ነገር መለኪያ ማድረግ ይሆናል። አርፒኤልፒ0 እና አርፒኤል13ኤ በማነጻጸሪያነት ይወደዳሉ፤ እነሱም የራይቦዞም ፕሮቲን ጂኖች ናቸውና ይቅሩ። ቲቢፒ እና ኤችፒአርቲ1 ሁለቱ አብረው ተወሰዱ።

ሁለተኛ፣ የዲኤንኤ ብክለት። "ፕራይመሩ ሁለት ኤክሶን ላይ ከተቀመጠ ዲኤንኤ አይነሳም" ይባላል። ለራይቦዞም ፕሮቲኖች ይህ አይሠራም። በሰው ጂኖም ውስጥ ወደ 2,000 የሚጠጉ የራይቦዞም ፕሮቲን የውሸት ጂኖች አሉ፤ ከኤምአርኤንኤ ተገልብጠው የገቡ ስለሆኑ ኢንትሮን (በኤክሶኖች መካከል ያለው፣ ኤምአርኤንኤ ሲሠራ የሚወጣው ክፍል) የላቸውም። የአርፒኤስ19ም አለ። ስለዚህ ፕራይመሩ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ዲኤንኤው ካልጠፋ ምልክቱ የውሸት ነው። ቅድመ አርአርኤንኤን ለመለካት የሚያስቡ ደግሞ የአርአርኤንኤ ጂን በጂኖም ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቅጂ እንዳለው አይርሱ፤ ትንሽ ዲኤንኤ ብዙ ምልክት ይሰጣል።

የተደረገው፦ በትራይዞል የወጣ አርኤንኤ (ለአንድ ጉድጓድ 1 ሚሊሊትር) በዲኤንኤዝ 1 ለ30 ደቂቃ በ37 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና ጽዳት። ለእያንዳንዱ ናሙና ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሌለበት ቱቦ። በዚያ ቱቦና በትክክለኛው ናሙና መካከል ቢያንስ 7 ሳይክል ልዩነት ከሌለ ውጤቱ አይመዘገብም፤ 7 ሳይክል ማለት ብክለቱ ከ1 በመቶ በታች ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው ማውጣት ልዩነቱ አልበቃም። ምክንያቱ ክሎሮፎርሙ ከገባ በኋላ ከላይ ያለውን ፈሳሽ እስከ መካከለኛው ነጭ ሽፋን ድረስ መምጠጥ ነው፤ ዲኤንኤው ያለው እዚያ ነው። ከፈሳሹ ሲሶውን መተው ምርቱን ይቀንሳል፣ ንጽሕናውን ግን ያስተካክላል።

ዌስተርን

16 ኪሎዳልተን ትንሽ ስለሆነ 0.45 ማይክሮን ሜምብሬን ላይ አልፎ ይሄዳል። 0.2 ማይክሮን ፒቪዲኤፍ፣ 20 በመቶ ሜታኖል፣ እርጥብ ትራንስፈር በ100 ቮልት 60 ደቂቃ፣ በበረዶ። ጄሉ ከ4 እስከ 20 በመቶ ግራዲየንት ነው፤ ፒ53ንና አርፒኤስ19ን አንድ ላይ ለማየት ይመቻል። ፒ21 (ፒ53 የሚያስነሳው፣ ሴሉን የሚያቆም ፕሮቲን) እና አርፒኤስ19 ግን በመጠን በጣም ስለሚቀራረቡ በአንድ ቁራጭ ላይ አብረው አይታዩም፤ ሁለት ጄል ይጫናል።

ኤምአርኤንኤው በ24 ሰዓት ወርዶ ሳለ ፕሮቲኑ በዌስተርን ያልተነካ ይመስላል። ይህ የኖክዳውኑ (የጂን ቅነሳው) መክሸፍ አይደለም። ራይቦዞም ውስጥ የገባ አርፒኤስ19 ለቀናት ይኖራል፤ የሚቀንሰው በዋናነት ሴሉ ሲከፈል ለሁለት እየተካፈለ ነው። ወዲያው የሚጎድለው አዲስ የሚሠራው ነው፣ አዲስ ራይቦዞም የሚገጣጠመውም በእሱ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ከፕሮቲኑ መቀነስ ቀድሞ ይታያል። ዌስተርኑን ብቻ አይቶ የኤስአይአርኤንኤውን መጠን መጨመር ትልቅ ስህተት ነው፤ በ72 ሰዓት ከልክ ያለፈ ይሆናል።

ለጭነት ማነጻጸሪያ አክቲን ወይም ጋፕዲኤች። አርፒኤስ6 አይሆንም፤ 40ኤስ ሲያንስ ጓደኞቹም ያንሳሉ፣ ያልተገጣጠመ ፕሮቲን በፕሮቲያዞም ይፈርሳልና።

ወጪ መቀነሻ፦ 100 ማይክሮሊትር አንቲቦዲ በ1 ለ1,000 በ5 ሚሊሊትር 20 ብሎት ይሠራል። የተበጠበጠውን የመጀመሪያ አንቲቦዲ 0.02 በመቶ ሶዲየም አዛይድ ጨምሮ በ4 ዲግሪ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። ኤችአርፒ ያለበት ሁለተኛው ላይ አዛይድ ፈጽሞ አይገባም፤ ኢንዛይሙን ይዘጋዋል፣ ብሎቱም ባዶ ይወጣል።

ኖርዘርን (የአርኤንኤ ብሎት)፦ ትክክለኛው ምስክር

አርፒኤስ19 የት ላይ እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ይህ ነው። ራይቦዞም የሚጀምረው ከአንድ ረጅም ቅድመ አርአርኤንኤ ነው፤ ተቆራርጦ 18ኤስ፣ 5.8ኤስና 28ኤስ ይወጣሉ። ወደ 18ኤስ በሚወስደው መንገድ ላይ 30ኤስ፣ 21ኤስ፣ ከዚያ 18ኤስ-ኢ አሉ። አርፒኤስ19 ሲጎድል አይቲኤስ1 የሚባለው መሀል ክፍል በአግባቡ አይቆረጥም፤ 21ኤስ ይከማቻል፣ 18ኤስ-ኢ ይቀንሳል።

አሠራሩ፦ 3 ማይክሮግራም አርኤንኤ፣ 1.2 በመቶ አጋሮዝ፣ 0.4 ሞላር ፎርማልዴሃይድ፣ የትራይሲንና ትራይኤታኖላሚን ባፈር (ሁለቱም 30 ሚሊሞላር)፣ 75 ቮልት። በ10 እጥፍ ኤስኤስሲ ሌሊቱን በካፒላሪ ወደ ናይለን፣ በዩቪ ማጣበቅ። ፕሮቡ ለአይቲኤስ1 5 ፕራይም ጫፍ የተሠራ ባዮቲን ያለው ኦሊጎ ነው። ፎስፈረስ 32 የበለጠ ይጠራል፤ ፈቃድና መከላከያ ለሌለው ቤት ባዮቲን ይበቃል። ፎርማልዴሃይዱ በፊውም ሁድ ውስጥ ብቻ ይፈስሳል፤ ጄሉም እዚያው ይሮጣል።

ሁለት ነገር ተበላሸ። የመጀመሪያው ብሎት ላይ 8 ማይክሮግራም ተጭኖ የ18ኤስ ክምር 21ኤስን ከላዩ ገፍቶ ባንዱን አጣመመው፤ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። 3 ማይክሮግራም ላይ ተስተካከለ። ሁለተኛው የሃይብሪዳይዜሽን ሙቀት ነው። ከፍ ሲል ፕሮቡ ይለቅቃል፤ ዝቅ ሲል በብዛት ያለው 28ኤስ ጥላ ሆኖ ይወጣል። በ45 ዲግሪ ተጀመረ፤ ጥብቅ የተደረገው ማጠቢያው ነው።

ከአርፒኤስ19 ጎን አርፒኤስ24 ኖክዳውን መጫን ብዙ ይረዳል። እሱ ሲጎድል የሚከማቸው 30ኤስ ነው፤ መቆረጡ ቀደም ብሎ ይታገዳል። ሁለቱም የ40ኤስ ፕሮቲኖች፣ ሁለቱም በዚያው በሽታ የሚገኙ፣ የሚሰብሩት ደረጃ ግን የተለያየ። በአንድ ብሎት ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ ራይቦዞም ዝም ብሎ የፕሮቲን ክምር አለመሆኑ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቦታና ሰዓት እንዳለው ይገባል። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም የሚያረካው ይህ ብሎት ነው።

በግማሽ መጠን የ21ኤስ ክምችት ደከም ይላል እንጂ አይጠፋም። ኬ562 ላይም 21ኤስ ተከማችቷል። የመቆረጡ ጉድለት ፒ53 አያስፈልገውምና።

ፖሊሶም

ፖሊሶም በአንድ ኤምአርኤንኤ ላይ የተሰለፉ ራይቦዞሞች ናቸው። ሳይክሎሄክሲማይድ (ራይቦዞሙን ባለበት የሚያቆም) በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም፣ 10 ደቂቃ፤ ማጠቢያውም መስበሪያው ባፈርም ውስጥ ይኑር። ባፈሩ፦ 20 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 7.5፣ 150 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 5 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ 1 ሚሊሞላር ዲቲቲ፣ 1 በመቶ ትራይተን። ከ10 እስከ 50 በመቶ ሱክሮዝ፣ ኤስደብሊው41 ሮተር፣ በደቂቃ 36,000 ዙር፣ 2 ሰዓት፣ 4 ዲግሪ፣ ሲቆም ያለ ፍሬን።

ማግኒዚየም ከተረሳ 80ኤስ ይበተናል፤ የ40ኤስና የ60ኤስ ከፍታ ከልክ በላይ ይነሳና ትልቅ ግኝት ይመስላል። ለማረጋገጥ አንድ ናሙና ሆን ተብሎ በ20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ይበተናል፤ የትኛው ጉብታ የትኛው እንደሆነ በዚያ ይለያል።

የተገኘው የሚጠበቀው ነው፦ ነጻ 40ኤስ ዝቅ፣ ነጻ 60ኤስ ከፍ፣ 80ኤስና ፖሊሶም ዝቅ። ትልቁ ክፍል ጓደኛ አጥቶ ይንሳፈፋል።

ፒ53

ራይቦዞም መገጣጠም ሲታወክ አርፒኤል5፣ አርፒኤል11 እና 5ኤስ አርአርኤንኤ አንድ ላይ ሆነው ኤምዲኤም2ን ይይዛሉ። ኤምዲኤም2 ፒ53ን ማስፈረሱን ያቆማል፤ ፒ53 ይጠራቀማል፣ ፒ21 ይነሳል፣ ሴሉ ይቆማል። የቀይ ደም እናት ሴሎች በፍጥነት ስለሚከፈሉና በአጭር ጊዜ እጅግ ብዙ ግሎቢን መሥራት ስላለባቸው ይህ ይበረታባቸዋል።

አወንታዊ ኮንትሮል፦ አክቲኖማይሲን ዲ 5 ናኖሞላር፣ በሚሊሊትር 6 ናኖግራም ገደማ ማለት ነው። በዚህ ዝቅተኛ መጠን የሚዘጋው በተለይ ፖሊመሬዝ 1ን (ቅድመ አርአርኤንኤን የሚሠራውን) ነው። በአሥር እጥፍ ሲሳሳት ሌሎቹንም መዝጋት ይጀምርና ኮንትሮልነቱ ይቀራል፤ ስቶኩ በሁለት ደረጃ ይቅጠን። በነገራችን ላይ አክቲኖማይሲን ኑክሊዮለስን (ራይቦዞም መገጣጠም የሚጀምርበትን ቦታ) ይበትናል፤ የአርፒኤስ19 እጥረት ግን ኑክሊዮለሱን ሳይበትን ፒ53ን ያነሳል። በፋይብሪላሪን (የኑክሊዮለስ ፕሮቲን) ቀለም ይታያል።

ወሳኙ ሙከራ ድርብ ኖክዳውን ነው፦ አርፒኤስ19 10 ናኖሞላር ከኮንትሮል 10 ጋር፣ በሌላው ጉድጓድ አርፒኤስ19 10 ከአርፒኤል11 10 ጋር። በሁለተኛው ፒ53 አይነሳም። አርፒኤል11 ራሱ የራይቦዞም ፕሮቲን ሆኖ እያለ መጥፋቱ ፒ53ን ካወረደ፣ መልእክተኛው እሱ ነው ማለት ነው።

ሴሉ ሞልቶ ከተጨናነቀ ግን ይህ ሁሉ ይደበዝዛል። የራይቦዞም ፕሮቲኖች ኤምአርኤንኤ በኤምቶር (የሴል ዕድገትን የሚቆጣጠር ፕሮቲን) ሥር ነው፤ ምግብ ሲያንስና ቦታ ሲጠብ ትርጉሙ (ወደ ፕሮቲን መቀየሩ) በኮንትሮሉም ይወርዳል። ከ70 በመቶ በላይ የሞላ ጉድጓድ ተጣለ።

ማዳን

ውጤቱ በእርግጥ ከአርፒኤስ19 መሆኑ የሚረጋገጠው ፕሮቲኑ ሲመለስ ነው። ኤስአይአርኤንኤው የሚይዛቸው 21 ፊደላት ውስጥ ስድስቱ አሚኖ አሲዱን ሳይቀይሩ ተለወጡ፣ በሲ ጫፍ ኤችኤ ታግ፣ በሌንቲቫይረስ። ጤነኛው 21ኤስን መለሰ፣ ፒ53ንም አወረደ። አር62ደብሊው የሚባለው፣ በሕሙማን ላይ ተደጋግሞ የሚገኘው ለውጥ ግን አልመለሰም። ፕሮቲኑ በዌስተርን አለ፤ 40ኤስ ውስጥ ግን አይገባም። "ፕሮቲኑ አለ ወይ?" ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ምርመራ ይህን ሕመም አያየውም።

ኬ562 እና ሄሚን

ተንሳፋፊ ስለሆነ ሊፒድ በደንብ አይሠራበትም፤ በዶክሲሳይክሊን የሚነሳ ኤስኤችአርኤንኤ (ሴሉ ራሱ የሚሠራው የኤስአይአርኤንኤ ዓይነት) በሌንቲቫይረስ ገባ፣ በፒውሮማይሲን ተመረጠ። ያለ ዶክሲሳይክሊንም አርፒኤስ19 መጠነኛ ቅናሽ አሳየ። ምንጩ ሴረሙ ነው፤ የከብት ሴረም ቴትራሳይክሊን ሊኖርበት ይችላል። ቴትራሳይክሊን የሌለበት ሴረም ተገዝቶ ተስተካከለ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከዚህ ላይ ግን አይቆጠብም።

ሄሚን 40 ማይክሮሞላር፣ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተሟሟ፣ ፒኤቹ ተስተካክሎ ተጣራ፣ ከብርሃን ተጠብቆ። ሄሚን ራሱ ቀይ ቡናማ ስለሆነ የሴሉን ክምር ቀለም አይቶ "ሄሞግሎቢን ሠራ" ማለት አይቻልም። ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ያልተነካ ኮንትሮል ጎን ተቀምጦ ነው የሚታየው።

ኤል-ሉሲንም ተሞከረ። በአይጥና በዚብራፊሽ ሞዴል የደም ማነሱን ያሻሽላል፣ በኤምቶር በኩል። እዚህ ልዩነት አልታየም፤ መጠበቅም አልነበረበትም፦ ተራ አርፒኤምአይ ውስጥ ቀድሞውኑ በሊትር 50 ሚሊግራም ሉሲን አለ፤ ዲኤምኢኤም ውስጥ 105። ለመሞከር ሉሲን የሌለበት ሚዲየም ታዝዞ ከዜሮ መጨመር ያስፈልጋል።

በበሽታው በኩል የተያዘ

ይህን ማስታወሻ የሚያነብ የሕፃናት ሐኪም ካለ፦ በአገራችን የሕፃን ደም ማነስ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የብረት እጥረት፣ ወባ፣ ጥገኛ ትል ነው፤ ትክክልም ነው። ዳይመንድ-ብላክፋን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት ይጀምራል፤ ቀይ ሴሎቹ ትልልቅ ናቸው (በብረት እጥረት ትናንሽ ይሆናሉ)፣ ሬቲኩሎሳይት በጣም ዝቅተኛ ነው፣ ነጭ ሴልና ፕሌትሌት በአብዛኛው ደህና ናቸው። በመቅኔ ውስጥ የቀይ ሴል እናቶች ብቻ ይጎድላሉ። የአውራ ጣት ቅርጽ ለውጥ፣ የላንቃ መሰንጠቅ፣ የልብ ጉድለት፣ አጭር ቁመት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ብረት ሰጥቶ ለውጥ ከሌለ እነዚህን ማየት ተገቢ ነው። ደም ተደጋግሞ ሲሰጥ ብረት ይከማቻልና ብረት መስጠቱን መቀጠል ጉዳት አለው።

ተመሳሳይ ነገር በትልልቅ ሰዎች አለ። በ5ኪው ሲንድሮም የአርፒኤስ14 አንድ ቅጂ ከክሮሞዞም 5 ቁራጭ ጋር ይጠፋል፤ ይህ በ2008 ታወቀ። እዚያም ጉዳዩ ግማሽ ነው።

ቀጥሎ

ኤ549ም ኬ562ም የካንሰር ሴሎች ናቸው። በ2014 የጋታ1 (ለቀይ የደም ሴል ዕድገት የሚያስፈልግ) ፕሮቲን መቀነስ የታየው ከሰው በተወሰዱ የደም እናት ሴሎች ላይ ነው፤ ኤምአርኤንኤው ሳይቀንስ ትርጉሙ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ከእትብት ደም በሚወጡ ሲዲ34 ያላቸው ሴሎች ላይ ነው፣ በኤስሲኤፍ፣ በአይኤል-3 እና በኤሪትሮፖይቲን ደረጃ በደረጃ እያሳደጉ። የእነዚህ ሳይቶካይኖች (የሴል ማሳደጊያ ፕሮቲኖች) ዋጋ ከኤስአይአርኤንኤውና ከአንቲቦዲው ዋጋ ድምር ይበልጣል፤ ስለዚህ የዶክሲሳይክሊን መጠኑ በኬ562 ላይ ግማሽ እስኪሰጥ ድረስ ቀድሞ ይለካል፣ ከዚያ ነው ትዕዛዙ የሚወጣው።